በሙሉ ድምፅ የጸደቀው ዜብራ

እጄን ያወጣሁት ልቃወም ነበር፤ እንደደገፍኩ ተቆጠረ። እንዲህ ያለ ስህተት በየስብሰባው ስንቱ ሰው ይሳሳታል፣ የታሸገ ውሃውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው ባደረግኩ ነበር። ግን ያ ስብሰባ ያጸደቀው ነገር ባለቤቴ ወደ ስራዋ ትመለስ ወይስ እቤት ትቅር የሚለውን የሚወስን ነበር፤ ታዲያ እንዴት ብዬ ዝም ልበል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስሜ ጌታሁን ይባላል። አቃቂ በሰቃ፣ ከብየዳ ቤቶቹ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ እዚያ በብሩሽ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ዛሬ በብሩሽ የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። አለ። መብራት ሲጠፋ ባነር የሚያትሙት ቤቶች ማሽናቸውን ታቅፈው ይቀመጣሉ፣ የቸኮለ ሰው ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። መብራቱም አላሳፈረኝም፤ ሲጠፋ ኖሯል።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ጻፍ ያሉኝን የምጽፍ ሰው ነበርኩ። «ሁልጊዜ ትኩስ ዳቦ አለ» ብዬ የጻፍኩለት ሱቅ ነበር፤ ዳቦው ሁልጊዜ የትናንት ነው፤ እኔም የጻፍኩት ሰውዬ ከዚያው ሱቅ እየገዛሁ አኝክ ነበር። ቃሉ የባለቤቱ ነው፣ የእኔ ፊደሉ ብቻ ነው እል ነበር። ፊደሌ ካማረ ሌላው አይመለከተኝም። በስብሰባም ቢሆን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የማንቀላፋ፣ ከሰው ጋር ክፉ ደግ የማልነጋገር ሰው ነበርኩ።

ቤታችን ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነው። ከግቢያችን በር ላይ ቆማችሁ ስታዩ፣ ከመንገዱ ማዶ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ይታያችኋል። ባለቤቴ ዝናሽ እዚያ ፋብሪካ ዓመታት ሰርታለች። ሰርቪስ የሚሰጠው ለሩቅ ሰራተኛ ስለሆነ እሷ በእግሯ ትሻገር ነበር። ቀረብሽ ተብላ በየቀኑ ከአሸዋ መኪና ጋር ትጋፋለች ማለት ነው። አንድ የዝናብ ቀን ከስራ ስትወጣ አንዱ መታት። ሹፌሩ አላየኋትም አለ፤ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። እግሯ ውስጥ ብረት ገባ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አልጋና ወንበር ላይ አሳለፈች።

ከዚያ ከፋብሪካው ደብዳቤ መጣ። ተቀምጣ የምትሰራው የጥራት ቁጥጥር ስራ ተገኝቶላታል፤ ሰኞ ጠዋት ሪፖርት ታድርግ፣ ካልመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። ዝናሽ ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ ቦርሳዋን ከሳጥን አውጥታ መወልወል ጀመረች። ከዘራዋን ይዛ በግቢው ውስጥ ትመላለስ ነበር። መራመድ ትችላለች። መሮጥ ግን አትችልም፣ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ያልሮጠ አይሻገርም። የእግረኛ ድልድይ አለ፤ እዚያ ለመድረስ ታክሲ ያስፈልጋል፣ ደርሳም ደረጃውን አትወጣውም።

ደብዳቤው በመጣበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ መብራት ጠፋ። ከወረዳው አንዲት ጸሐፊ እየተቻኮለች መጣችና ወረቀት ሰጠችኝ። ለነገው የነዋሪዎች መድረክ ባነር ይፈለጋል። ጽሑፉ «ለእግረኛና ለብስክሌት ምቹ ጎዳናዎችን በመፍጠር የነዋሪውን ደህንነት እናረጋግጣለን» ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ባነር የለም። እኔ ራሴ ወደ ስራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። የብስክሌት መስመር የተባለችው ላይ ጠጠር ተከምሮባት ሚኒባስ ሲቆምባት፣ ከሲሚንቶ ተሳቢዎች ጎማ ጋር ጎን ለጎን ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። በመጨረሻ ሰሙን አልኩ። ማታ ለዝናሽ ነገርኳት፤ በራችን ፊት ለፊት የእግረኛ ዜብራ ከሰኞ በፊት ይቀባልን ይሆናል ተባባልን።

ሐሙስ ባነሩን ሰቅዬ ስጨርስ ልውጣ አልኩና ተውኩት፤ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ወረዳው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፣ አሁንም የምኖረው እዚያው ነው። መድረኩን የሚመሩት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደረጄ ነበሩ። በዕድሜ ያንሱኛል፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ክራቫታቸው የማይጣመም፣ ለሁሉም ሰው «እርስዎ» የሚሉ። የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ስራዎችን አፈጻጸም ከወረቀት ማንበብ ጀመሩ። የተጠገነ የእግረኛ መንገድ አለ፤ እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። የተተከለ ምልክት አለ፤ እሱም እውነት ነው። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ዜብራ ቀለም የመቀባት ስራ ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ ለአገልግሎት ክፍት ሆኗል።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ያ ቦታ የቤቴ በር ነው። ጠዋት ብስክሌቴን ይዤ የወጣሁት በእሱ ነው። አስፋልቱ እንደ ምጣድ ጥቁር ነው፣ አንዲት ነጭ ጠብታ የለችበትም።

እጄን አወጣሁ። ላብ በላብ ሆኜ ነው ያወጣሁት፣ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅማ። አቶ ደረጄ አዩኝ፤ በፈገግታ ሰዓቱ ስለገፋ አስተያየት በጽሑፍ እንቀበላለን አሉ። እጄን አላወረድኩም። ካላወረድኩ ዕድል ይሰጡኛል ብዬ ነው። እሳቸው ቀጥለው ሪፖርቱ እንዲጸድቅ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አሉ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። የእኔ እጅ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ ወጥታለች፣ እዚያው አየር ላይ ነች። አንዲት ልጅ በእስክርቢቶ እየጠቆመች ስትቆጥር በእኔ ላይ አለፈች። «የሚቃወም?» ሲባል አዲስ እጅ ላውጣ ወይስ የወጣችውን ላውርድ እያልኩ ስወዛገብ ጭብጨባው ደረሰ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ።

ስንወጣ ወደ አቶ ደረጄ ተጠጋሁና እጄን ያወጣሁት ለተቃውሞ እንደነበር ነገርኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ቃለ ጉባኤው ተይዟል፣ ቅሬታ ካለዎት ቢሮ ይምጡ አሉኝ።

ዓርብ ቢሮአቸው ሄድኩ። በትሕትና አስቀመጡኝ። ስለ ዝናሽ፣ ስለ እግሯ፣ ስለ ሰኞ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዘኑ፣ ፊታቸው ላይ አየሁት። እንግዲያው ቀለም ቀቢዎቹን ይላኩልኝ አልኩ።

«ጋሽ ጌታሁን፣ ችግሩ ምን መሰልዎት» አሉ። «ያላለቀ ስራ ቢሆን በዕቅድ ይገባል። ይሄ አልቋል። ማህደሩ ተዘግቷል። ያለቀን ስራ እንደገና ስሩ ብዬ ማዘዝ አልችልም።»

«አላለቀም እኮ። ይምጡና ይዩት።»

«እኔ ያነበብኩት የቀረበልኝን ነው።»

የቀረበልኝን ነው። ይህቺ ቃል ከሁሉም በላይ አናደደችኝ፤ የእኔው ቃል ነበረቻ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስላት የኖርኩት ቃል በሌላ ሰው አፍ መጥታ ፊቴ ላይ ተቀመጠች። በእሳቸው ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ፣ የትኛው እንደሚበልጥ ሳላውቅ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣሁ። ይህን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዜብራው ባይጸድቅ ኖሮ አንድ ቀን ይቀባ ነበር። ስለጸደቀ ግን መቼም አይቀባም። ያጸደቅኩትም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናሽ ልሞክረው አለች። ለሰኞ እግሬን ላለማምደው ብላ ነው። ቀሚሷን ለውጣ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አድርጋ፣ መንገዱ ዳር ቆመች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ተሳቢ አለፈ፤ ሚኒባስ አለፈ፤ የአሸዋ መኪና አለፈ። አንድ እግሯን ወደ አስፋልቱ ታወርዳለች፣ መልሳ ታወጣለች። ጥሩምባ ይነፉባታል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆማ ተመለሰች፤ ቦርሳዋን ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

«ይቅርብኝ» አለች።

እጇን ይዤ አሻግርሻለሁ አልኳት።

«በየቀኑ? ስራህን ትተህ?» አለችኝ። «ደግሞ መኪናውን አይደለም የምፈራው፣ ጌታሁን። የት ጋ እንደምሻገር ሹፌሩ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ይሄ ያንቺ ነው፣ በዚህ እለፊ የሚለኝ ነገር የለም። ባለፈው አላየኋትም ነው ያለው። አሁንስ በምን ያየኛል?»

ወጥቼ በቀጥታ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ከቤታችን ጥግ የሕንፃ መሳሪያ ሱቅ አለው፣ አብረን ያረጀን ጎረቤታሞች ነን። ሐሙስ እሱም ስብሰባው ላይ ነበር።

«ጌቾ፣ እኔም እኮ እጄን አውጥቻለሁ» አለኝ ገና ሳልናገር። «ምን ላርግ፣ ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት፣ ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ነው።»

ነጭ የዘይት ቀለም እንደምፈልግ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ያስሩሃል አለኝ። ይሰሩኝ አልኩ። ትንሽ አሰበና መደርደሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮዎቹን ማውረድ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ሜትሬን ይዤ በብስክሌት ሳሪስ አቦ ሄድኩ። እዚያ በደንብ የተሰራ ዜብራ አለ። የመስመሩን ወርድ፣ ርዝመቱን፣ በመካከሉ ያለውን ክፍተት ለካሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ነጠላ የለበሱ እናቶች ቆመው ያዩኛል፤ አንዷ ልጄ ምን ጠፍቶብህ ነው አለችኝ። ዜብራ ጠፍቶብኝ ነው አልኳት። እግዜር ያግኝልህ ብላ ሄደች።

እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። እሁድን የመረጥኩት ትልልቅ መኪኖች ስለሚቀንሱ ነው። ሸምሱ ቢጫ ጀሪካኖቹን ውሃ ሞልቶ በአስፋልቱ ላይ ደረደራቸው፤ እኔ ብስክሌቴ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ ከጀሪካኖቹ ፊት አቆምኳት። መጀመሪያ የመንገዱን ግማሽ፣ ከዚያ ሌላውን ግማሽ ልንሰራ ነው። ጠረግን፣ በሲባጎና በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፣ ተንበርክኬ መቀባት ጀመርኩ። አንድ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከመንገዶች ባለሥልጣን ነህ ወይ አለኝ። አይ፣ ከዚያ ቤት ነኝ አልኩና በሬን አሳየሁት። ሰደበኝ፤ ግን ዞሮ አለፈ።

አራተኛውን መስመር ስጨርስ ሞተር ሳይክል አጠገቤ ቆመ። ትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ወጣት ሳጅን።

«ጋሼ፣ ምን እየሰራህ ነው?»

«ዜብራ እያደስኩ ነው።»

አስፋልቱን አየ። አራት እርጥብ መስመር፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር።

«ምኑን ነው የምታድሰው? እዚህ እኮ ዜብራ ኖሮ አያውቅም።»

«ኧረ አለ። ሐሙስ በወረዳው መድረክ ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። እጅ ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ አለ።»

ሳጅኑ እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወረዳው ጋ ደወለ። ዕድል ሆኖ ያን ዕለት የጽዳት ዘመቻ ነበር፤ አቶ ደረጄ ሩቅ አልነበሩም። ቢጫ የዘመቻ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ አስከትለው በእግራቸው መጡ። ክራቫት ሳያስሩ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ ማለታቸውም ከክራቫቱ ጋር ቤት ቀርቶ ነበር።

«ማን ፈቅዶልህ ነው? ተነሳ።»

አልተነሳሁም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ተንበርክኬ ስለነበር አልታየብኝም። ከተነሳሁ እንደሚታይብኝ አውቃለሁ።

«አቶ ደረጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «እዚህ ቦታ ላይ ዜብራ አለ ወይስ የለም?»

አስፋልቱን አዩ፣ ሳጅኑን አዩ።

«ካለ፣ እኔ ያለውን ነው የማድሰው፤ ደጁን የሚያሳምር ነዋሪ ደግሞ በዘመቻ የምታመሰግኑት ሰው ነው። ከሌለ፣ ሳጅኑ ይዞኝ ይሂድ፤ አልከራከርም። ግን ወረቀቱ ላይ ‹ዜብራ በሌለበት ቦታ ዜብራ ሲቀባ ተያዘ› ብለው ይጻፉልኝና ይፈርሙበት።»

ሳጅኑ ወደ እሳቸው ዞረ። ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የወጡ ሴቶች ማዶ ቆመዋል፣ የሚሻገሩበት አጥተው። ሸምሱ ጀሪካን በእጁ እንደያዘ ተጠጋና፣ እኔም ሐሙስ እጄን አውጥቼ መስክሬያለሁ፣ እሱን የምትወስዱ ከሆነ አብሬ ልሂድ አለ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ቲነሩ ነው ብዬ በክንዴ ጠረግኩት።

አቶ ደረጄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሄ ጨዋታ አይደለም አሉ።

«እኔም አልተጫወትኩም። ነገ ጠዋት እዚህ የምታልፍ ሰው አለችኝ» አልኩና በሬን አሳየኋቸው።

ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደወጣች አላውቅም። ከዘራዋን ሁለት እጇን አደራርባ ተደግፋ፣ ከአቶ ደረጄ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ታያለች። አልለመነችም። እሳቸው ናቸው ቀድመው ዓይናቸውን ያወረዱት።

ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። እርስዎ ማለታቸው ተመለሰ። «እሺ ጋሽ ጌታሁን፣ እንዲህ እናድርግ። ይቺን ሰደርያ ይልበሱ። ስራው የወረዳው ነው ተብሎ ይመዘገባል፣ እርስዎም አይጠየቁም፣ ይጨርሱት።» ልጁ ካሜራውን አዘጋጅቶ ቆሟል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰደርያዋን ልቀበል እጄን ልዘረጋ ነበር። ምን ቸገረኝ? ዜብራው ይቀባል፣ ዝናሽ ትሻገራለች፣ ፖሊስ ጣቢያ አልሄድም። ለመልበስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሐሙስ ያለ ፈቃዴ የተቆጠረችው እጄ ትበቃኛለች አልኩ። ዛሬ ሰውነቴን በሙሉ ላስቆጥርላቸው?

«አልለብስም» አልኩ። «የወረዳው ዜብራ ሐሙስ አልቋል። ይሄኛው የእኔ ነው።»

ሮለሩን ቀለም ውስጥ ነክሬ አምስተኛውን መስመር ጀመርኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ እየቀባሁ፣ አንድ እጅ ክንዴን ይዞ እስኪያነሳኝ ድረስ እጠብቃለሁ። የሚሰማኝ የሮለሩ ድምፅ ብቻ ነበር። አምስተኛው አለቀ። ማንም አልያዘኝም። ቀና ስል አቶ ደረጄ ወደ ዘመቻቸው እየተመለሱ ነው። ልጁ ከሩቅ ሆኖ ፎቶ ያነሳል። ሳጅኑ ሞተሩን ዳር አቁሞ ነጭ ጓንቱን አጠለቀ፣ መሃል አስፋልት ላይ ቆመና የሚመጣውን ተሳቢ በእጁ አስቆመው። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ምስጋና ቢጤ ስጀምር በእጁ ተው አለኝ።

ሁለተኛው ወገን እስኪያልቅ እኩለ ቀን አለፈ። በተረፈችው ቀለም በብስክሌት መስመሯ ላይ፣ ጠጠሩን በአካፋ ገፍተን፣ አንዲት ብስክሌት ሳልኩባት። ኮርቻዋን፣ መሪዋን፣ የጎማዋን ሽቦ አንድ በአንድ ሰራሁ። ሸምሱ ከላይ ሆኖ አየና ሰንሰለት የላትም አለኝ። እንዲያም ሆኖ ትሄዳለች አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ዝናሽ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። እጇን ልይዝ ስል ከለከለችኝ፤ እዚሁ ቁም አለችኝ። ከመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ ቆመች። አንድ ሚኒባስ ሳይቆም አለፈ። ሌላም አለፈ። ትመለሳለች አልኩ። ከዚያ የአሸዋ መኪና ከሩቅ ሲመጣ አየሁ፤ ያው ዓይነት መኪና። ዝናሽ ከዘራዋን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ነጩን መስመር በጫፉ ነካችው፣ ወረደች።

የመኪናው ፍሬን ጮኸ። ሹፌሩ ከመስመሩ ወዲያ፣ በደንብ ርቆ፣ ቆመ። አያት፤ እንዳያት አየሁ። እሷ አልቸኮለችም። አንድ እግር፣ ከዘራ፣ አንድ እግር። ከኋላዋ ሌሎች ሰራተኞች ተከተሉ፤ መንገዱ በሙሉ ለእነሱ ቆመ። ማዶ ስትደርስ ወደ እኔ አልዞረችም። መታወቂያዋን ለጥበቃው አሳይታ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኛለሁ ብላችሁ ዝናሽ ትስቅብኛለች፤ ማንኮራፋቴ እንዳለ ነው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ጻፍ ያሉኝን አልጽፍም። «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ይዞ የመጣ ሰው የተጠናቀቀውን ያሳየኛል፤ ካላሳየኝ ብሩሼን አላነሳም። ደንበኛ አጥቼበታለሁ። የዳቦው ሱቅ ባለቤትም አኩርፎኛል።

የሚቀጥለው መድረክ ላይ የእኔ ዜብራ ከነፎቶው ቀረበች፤ «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ እንዲታደስ ተደርጓል» ተባለላት። ተነሳሁ። ዕድል እስኪሰጠኝ አልጠበቅኩም። አልታደሰም፣ መጀመሪያ የተቀባው ያን እሁድ ነው፣ ከዚያ በፊት አስፋልቱ ባዶ ነበር አልኩ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ በተቃውሞ ልያዘው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያዢው አልኳት። ሪፖርቱ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ቤት ስገባ ለዝናሽ ስነግራት እራት እስኪቀርብ ድረስ ደጋግማ አስወራችኝ።

እናንተም ሪፖርት ሲነበብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ቦታውን አስቡት። በየቀኑ የምትረግጡት መንገድ ነው፤ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። የሌለ ነገር አለ ከተባላችሁ ተነሱና የለም በሉ። ድምፃችሁ ይንቀጥቀጥ፣ ግድ የለም። የእኔም ተንቀጥቅጧል።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማሽን የያዙ ቀለም ቀቢዎች መጡ። የሚያበራ፣ ወፍራም፣ ዝናብ የማያጥበው ቀለም ይዘዋል። የእኔን መስመሮች በደንብ አይታችሁ ከሆነ ስድስተኛው ጠማማ ነው፤ ሲባጎው ላልቶብኝ ነው፤ በሃያ ዓመት ስራዬ እንደዚያ ተበላሽቶብኝ አያውቅም። አለቃቸውን ይህችን እንኳን አቃኑልኝ ብዬ ለመንኩት። ወረቀቱን አወጣና አሳየኝ፤ ትእዛዙ «ማደስ» ነው የሚለው፣ ያለውን ተከትለን ነው የምንቀባው አለኝ። ጠማማዋንም እንደ ጠማማነቷ ቀቧት፤ ዛሬ ከሩቅ ታበራለች። ዝናሽ ግን መስመሩን አታየውም፤ በየጠዋቱ ቀና ብላ ትሻገራለች።